ባክስፔስ ያላጠፋው ፊደል

ለሦስተኛ ጊዜ ሞጣ የተጠራሁት በአንድ ሰው ፓስወርድ ምክንያት ነበር። ያን ጊዜ ቢቸና እየኖርኩ በአካባቢው ላሉ ኮሌጆች ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሞጣው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በወጣትነታቸው ቅኔ ያስተማሩ ሽማግሌ ስለነበሩ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። መጻሕፍቱ የተመዘገቡት ዩኒክስ በሚባል የቆየ ሥርዓት በሚሠራ አሮጌ ሰርቨር፣ ማለትም በኮሌጁ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ ነው። የኔታ ደግሞ ከኮምፒውተራቸው ሆነው ወደ ሰርቨሩ መግባት እንቢ ብሏቸዋል።

እንደ ቀደሙት ሁለት ጉዞዎቼ ሁሉ ፓስወርዳቸውን ነገሩኝና ጻፍኩት። ወዲያው ገባ።

“ይኸው ይሠራል፣ የኔታ።”

እሳቸው ሲሞክሩት አልገባም።

“ተረጋግተው ይጻፉት እንጂ።”

“አንድ ፊደል ስቼ ነበር፤ አጥፍቼ አርሜዋለሁ።”

“ሲጽፉት እኮ አይታይም። መሳትዎን በምን አወቁ?”

“ጣቴ ያውቃል፣ ልጄ።”

ትዕግሥቴ አለቀ። ፓስወርዱን አሳጠርኩላቸው፤ አልሆነም። ኪቦርዱን በሌላ ቀየርኩ፤ አልሆነም። ምሳ ሰዓት አለፈ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይጽፋሉ። እኔ በልቤ ‘ዓይናቸው ደክሟል፣ አያምኑም እንጂ’ እላለሁ።

በመጨረሻ ተናድጄ ራሴ ስጽፍ አንድ ፊደል ሳትኩ። ባክስፔስ የሚባለውን የማጥፊያ ቁልፍ ተጭኜ አረምኩት። እንቢ አለኝ! ሆን ብዬ ተሳስቼ ደግሜ አረምኩ። አሁንም እንቢ።

ሳልሳሳት ጽፌ ገባሁና የተጻፈለትን ሁሉ እንዳለ የሚያሳይ ትእዛዝ ከፈትኩ። ባክስፔስ ስጫን ፊደሉ በመጥፋት ፋንታ ^H የሚል ምልክት ብቅ አለ። የእሳቸው ኮምፒውተር ለማጥፋት አንድ ምልክት ይልካል፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው የማጥፊያ ምልክት ሌላ ነው። ስለዚህ እሳቸው አጠፋሁት ያሉት ፊደል ሳይጠፋ፣ ይባስ ብሎ ምልክት ተጨምሮበት ሲሄድ ከርሟል። ፓስወርድ ስለማይታይ ማንም አላየውም። እኔ ደግሞ እጄ የለመደ ነውና እስከዚያች ሰዓት አንዴም አልሳትኩም ነበር።

ባክስፔሱ ሰርቨሩ የሚያውቀውን እንዲልክ ማስተካከል ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የኔታ ተቀመጡ፣ ጻፉ፣ ሳቱ፣ አጠፉ፣ ገቡ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔታ።”

“አርሜዋለሁ ብዬሽ ነበር” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ መጻሕፍታቸው ዝርዝር ዞሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ የመጨረሻው የቢቸና መኪና ሄዷል። ራሴን እየረገምኩ አልጋ ፍለጋ ወጣሁ።