የተከሰሰው ዝናባችን

ውሃ ሁሉ አንድ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ከመዘርጋት በቀር ቀና ብለው ያላዩት ናቸው። እኔም እስከ መስከረም ሦስት ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ በዝናባችን የምኮራ ሰው ሆኛለሁ፤ በሌላ ነገር ስኮራ አይተውኝ ስለማያውቁ ወዳጆቼ የታመምኩ መስሏቸዋል።

መስከረም ፫፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎረቤቴ አቶ ግርማ ኬሚስት ነው። አብሬው እንድወጣ ጋብዞኝ ስለነበር ጂፑ በራፌ ላይ ሲያጓራ ሻይዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሾፌሩ በቀለ አፉን እያዛጋ፣ «ዛሬም ውሃ ልንለቅም ነው፤ ከተማው ሙሉ ቧንቧ እያለ» አለኝ።

የእንጦጦን ዳገት ተያያዝነው። ባሕር ዛፉ ገና ጤዛውን አላራገፈም፤ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች መንገዱን ይዘው ይወርዳሉ። ግርማ ጉዳዩን የነገረኝ እዚህ ላይ ነው። ውሃን የሚሠሩት ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ቀለል ያሉም ከበድ ያሉም ዓይነቶች አሏቸው፤ ኢሶቶፕ ይሏቸዋል። ፀሐይ ከባሕር ውሃ ስታነሣ ቀላሉ ይቀድማል። ደመናው ሲዘንብ ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። ስለዚህ ከባሕር የራቀና ከፍ ያለ አገር ቀላሉን ያገኛል ማለት ነው።

«የእኛስ?»

«የእኛ ከባድ ሆኖ ተገኘ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«አላመኑንም።»

ባሕር ማዶ ያለው የሚመዝንልን ላቦራቶሪ፣ ጠርሙሳችሁን በደንብ ስላልከደናችሁ ውሃው ተንኖባችኋል፤ ቀላሉ ሄዶ ከባዱ ቀርቷል፤ ከሦስት ቦታ እንደገና ላኩ ብሎታል። ደሜ ፈላ። የጠላ ጋን አፍ በጭቃ መርጎ ትንፋሽ የማያስወጣ ሕዝብ ጠርሙስ መክደን አቅቶት! የግርማ አለቆች ደግሞ ይሄኛውም ዙር ካልተሳካ ሥራው ይዘጋል ብለውታል። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ይህን ሲነግረኝ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

ረፋድ፣ ሱሉልታ

ከእንጦጦ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ሣሩ እስከ ጉልበት፣ ፈረሶች በየመስኩ፣ አደይ አበባ በየዳሩ። ብርዱ ግን ጆሮ ይቆርጣል።

አንዱን የዝናብ መያዣ የሚጠብቁልን ኦቦ ቶሎሳ ከግቢያቸው ወጡ። ግርማ በኦሮምኛ «አካም ቡልታን?» ብሎ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው፤ «ነጋ፣ ነጋ» እያሉ እጁን ጨበጡ። ዝናብ መያዣው ከከብቶቹ በረት ርቆ በእሾህ ታጥሯል። አፈ ሰፊ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃው እንዳይተን ቀለም የሌለው ዘይት ተንሳፍፎበታል። ግርማ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ዘይቱ እንዳለ ነው። ተነፈሰ።

ኦቦ ቶሎሳ፣ «ዝናባችን ምን አጠፋ ተብሎ ነው እንዲህ የሚታሰረው?» አሉ።

«ውሸታም ተብሎ ተከሷል» አልኳቸው።

«የሱሉልታ ዝናብ?» ሳቁ። «የሱሉልታን ሰው ክሰሱ፤ ዝናቡ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም።»

ግርማ ከዘይቱ ሥር ውሃውን ቀድቶ ትንሿን ጠርሙስ እስከ አፏ ሞላ። ከደነና ሻማ አቅልጦ ክዳኑን በሰም ደፈነው። እርጎ ጠጥተን፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ ኪሳችን ተሞልቶልን ተሰናበትን።

እኩለ ቀን፣ ቡራዩ

በአዲስ አበባ ተመልሰን በአምቦ መንገድ ወጣን። ቡራዩ ስንደርስ ፀሐዩ ከሯል፤ ነፋሱ ከገፈርሳ ሐይቅ በኩል ይመጣል። ሁለተኛው መያዣ ያለው እማማ አጸደ ግቢ ነው፤ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጠላቸው ጽዱ ነው፤ ጠርሙሱም ጽዱ ነው። ከሚገባው በላይ ጽዱ።

ግርማ፣ «እማማ፣ ዘይቱስ?» አላቸው።

«አወጣሁልህ፣ ልጄ! የሩፋኤልን ዝናብ፣ ፀበሉን፣ ዘይት ተኝቶበት እያየሁ ዝም ልበል? በትልቁ ሣህን ገልብጬ ዘይቱን በጥጥ ለቅሜ አወጣሁት። ጎረቤቱም ተባረከበት፤ ግቢ ላይ ሰንብቶ የተረፈውን ዛሬ መለስኩልህ።»

የጳጉሜ ሦስት ዝናብ የተባረከ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ልጅ ሳለን ራቁታችንን ወጥተን ተጠምቀንበታል። ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችል ከእኛ በቀር ሕዝብ የለም።

ግርማ ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። በቀለ ጠጋ ብሎ፣ «ማን ያያል? ሰም አድርግበትና እንሂድ» አለው።

«ይሄ ሰፊ ሣህን ላይ ፀሐይ የመታው ነው» አለ ግርማ ዝግ ብሎ። «ቀላሉ ሄዷል። ከላክሁት ከሁሉም ከባድ ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው፤ የምፈልገውን የሚናገርልኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ ውሃችሁ ተንኗል ያሉን እውነት ይሆናል።»

ጠርሙሱን ዘንበል ሲያደርገው እማማ አጸደ ጮኹ። «የሩፋኤልን ውሃ መሬት ልትደፋው? ምን በደልኩህ?»

«አልደፋውም» አለ፤ በሁለት እጁ መልሶ ሰጣቸው። «የእርስዎ ነው እማማ፤ እርስዎ የሰበሰቡት ፀበል ነው። ለእኔ ሥራ ግን ዘይት የተኛበት ያስፈልገኛል። ሌላ ጊዜ እንዳለ ይተዉልኝ።»

እማማ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከዚያ ውሃውን ከጠርሙሱ ወደ እፍኛቸው አፍስሰው ግርማን ረጩት፣ በቀለን ረጩት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ጎንበስ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰበታ

በዓለም ገና በኩል አቧራ እየቃምን ገባን። ወጨጫ ተራራ በስተቀኝ ደመና ተከናንቧል። ሦስት ተብሎ ሁለት ቀርቷል፤ ይሄም ከተበላሸ አንድ ብቻ።

የእህል ነጋዴው አቶ ገብሬ ከመደብራቸው ወጥተው፣ «የሰማይ ግብር ሰብሳቢው መጣ!» አሉ።

ግርማ ሳቅ አልመጣለትም። «መያዣውን ነክተውታል?»

«እኔ? ሚስቴን እንኳ አላስነካኋት። ምን ያለ ዘመድ ነው እያለች ትቀናበታለች።»

ዘይቱ አለ፤ አንድ ዝንብ ሰምጦበታል። ግርማ ዝንቡን ሲያይ የሳቀው ሳቅ ገበያተኛውን አዞረ።

ስንመለስ፣ በሁለት ጠርሙስ ምን ልትላቸው ነው አልኩት። «ሦስተኛው ተበላሽቷል እላለሁ፤ እንዴት እንደተበላሸም እጽፋለሁ።» ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ይልቅ ከባሕር ይህን ያህል ርቀን ዝናባችን የከበደበትን ምክንያት ጠየቅሁት። እንደሚገምተው፣ ከምዕራብ የሚመጣው ደመና ከባሕር ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ደኑ የተነፈሰው፣ ረግረጉ የመለሰው ውሃ አለበት፤ ያ ደግሞ ከባዱን ይዞ ይመለሳል። «ግምት ነው» አለ፤ «ገና አላውቅም።»

ጥር፣ አዲስ አበባ

መልሱ መጣ። የሱሉልታውም የሰበታውም ከባድ ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ። የተበላሸውን ጠርሙስ ከእነምክንያቱ አስቀድሞ የሚናገር ሰው የቀረውን መክደን አያቅተውም ብለው አምነውታል። አሁን የሚጠይቁት ዝናቡ የከበደበትን ምክንያት ነው፤ ሥራውም አልተዘጋም። በመጻሕፍት ከተጻፈው ሕግ የወጣው ዝናባችን እንጂ ጠርሙሳችን አልነበረም። ግርማ ዜናውን ሲነግረኝ ወደ መስኮቱ አልዞረም።

የቡራዩው መያዣ በክረምቱ መግቢያ ተመልሶ ይተከላል፤ ሌሎችም በየግቢው ይተከላሉ። አንባቢዬ፣ አንዱ ከእርስዎ አጥር ሥር ይሆን ይሆናል። ዘይቱን አይንኩት፤ በሩፋኤል ቀንም ቢሆን። ፀበል ከፈለጉ የራስዎን ሣህን ያውጡ።