የሽፈራው ቅጠልና የእናቴ ምስክርነት

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባት፣ እኔ በቤተ ሙከራ የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ የካንሰር ሴሎችን ምን እንደሚያደርጋቸው በማጠናበት ዓመት ነው። ርዕሱን የመረጥኩት እሷ ከመታመሟ በፊት ነበር። እናቴ ግን በአጋጣሚ አታምንም፤ «እግዚአብሔር አስቀድሞ ነው ያስመረጠሽ» አለችኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል። አልኮሉ ሲተን የሚቀረው አረንጓዴ ዝቃጭ ተበጥብጦ በሳህን ላሳደግናቸው ሴሎች ይሰጣል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ያለ ቀን ሴሎቹ ያለ ምንም መድኃኒት ያልቃሉ፤ እኛም እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን። አንድ ቀን ግን በማይክሮስኮፕ ሳይ የካንሰር ሴሎቹ ተሸብሽበው፣ ከሳህኑ ለቀው ተንሳፍፈዋል። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን ገና ከመግባቴ «እማ፣ ሞቱ!» አልኳት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ማይኩን ተቀበለች። እኛ ዘንድ ገና ያልመጣ ፈውስ እንደ መጣ ተቆጥሮ በእምነት ይመሰከራል። «ጌታ በልጄ እጅ ፈውሶኛል» አለች፤ ጉባኤው እልል አለ። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉን ቀጠሮ ትታ ሽፈራው እያፈላች ትጠጣ ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቀጥሎ ያንኑ ጭማቂ ለጤነኛ ሴሎች ሰጠን። እነሱም ሞቱ። በጣም ተናደድኩ፤ እንዲህ ከሆነማ በረኪናም ይገድላቸዋል!

«እማ፣ ሽፈራው ምግብ ነው፣ ብይው። መድኃኒትሽ ግን ሆስፒታል ነው ያለው» ብዬ ለመንኳት።

«በጉባኤ ፊት የመሰከርኩትን ምን ብዬ ልጠፍ? ጌታ ዋሸ ልበል?»

ፓስተራችንን ለምኜ ቤት አመጣኋቸው። «ሕክምናም ከጌታ ነው» አሏት። «አሜን» አለች፤ አልሄደችም።

በመጨረሻ የሄደችው ክንዷ አብጦ ማንሳት ሲያቅታት ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን አይቶ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደር ጠራኝ። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይታችኋል አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ቅጠሉን የማፈላላት እኔ ነኝ፤ ሌላ የምሰጣት የለኝም። ትናንት ብርጭቆውን በደህናው እጇ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሞቱ ብለሽኝ የለ?»

«አዎ እማ፣ ሞተዋል» አልኳት። ጠጣችው።