ብርቄ የሞላችው ቃል

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አፌ ፈጣን፣ እምነቴ ገና ጭላንጭል። ጌታ በልጄ በብርቄ ያደረገውን ሳልናገር ብሞት ይጸጽተኛል። ስለዚህ ታገሡኝና ልመስክር።

የምንኖረው ሮቤ ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቡና ሊጭን ደሎ መና ከወረደ ሳምንት ይቆያል። ብርቄ ሦስት ዓመት አልፏት አንዲት ቃል አልወጣትም። በስሟ ብጠራት አትዞርም፣ ዓይኔንም አታይም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መዝሙር ሲጀምር ግን ጆሮዋን ይዛ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ታጋጫለች። ጎባ ወስጄ ሐኪም አሳየኋት። ጆሮዋ ደኅና እንደሆነ፣ አእምሮዋ ግን ዘግይቶ እንደሚያድግ፣ ለዚህም የሚዋጥ መድኃኒት እንደሌለ በትሕትና ነገረኝ። "አጫውቻት፤ ገና ትንሽ ሳለች ነው የሚጠቅማት" አለኝ። እኔ ምን ገባኝ? ማጫወት እንዴት እንደሆነ ማን አሳየኝ?

የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሹም ነበሩ። ልጅቷን ሰው እንዳያያት፣ ክፉ ስሟ ወደፊት ለሚወለዱት እህቶቿ እንዳይተርፍ መከሩኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከቤት ስወጣ እግሯን በመቀነት ከአልጋው ጋር አስራት ነበር። አዎን፣ አሰርኳት። ይኸው በፊታችሁ ተናገርኩት።

ቤተ ክርስቲያናችንን መንግሥት አሽጎት፣ መሰብሰብም ተከልክሎ ስለነበር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥጥ ፈተላ ነው ብለን፣ እናታችን አዴ ዲንቄ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ከበሮ የለ፣ እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። የምንዘምረው በትንፋሻችን ነው፤ ምቱን በሁለት ጣት ጉልበታችን ላይ እንመታለን። ብርቄን ይዤ አልሄድም ነበር። ከጮኸች ሁላችንም ታሰርን ብዬ።

አዴ ዲንቄ ልጄን አስሬ እንደምመጣ ሲሰሙ ተቆጡኝ። ቤተ ክርስቲያን ሳይታሸግ ሕፃናት ያስተማሩ እናት ናቸው።

"ልጅ እንደ ጥጃ ይታሰራል? አምጪያት" አሉኝ።

አመጣኋት። መዝሙሩ ሲጀመር ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ጌታ ይባረክ! ጭራሽ ተጠግታ መዳፏን አዴ ዲንቄ ጉልበት ላይ አኖረች፤ ጣታቸው ከሚመታበት ቦታ። እኛ ድምፃችን ታፈነ ብለን ስናለቅስ፣ ጌታ ለካ ዝማሬያችንን በአንዲት ሕፃን ጆሮ ልክ ዝቅ አድርጎት ኖሯል! ክብር ለእርሱ ይሁን።

ከዚያ አዴ ዲንቄ አጭር መዝሙር አወጡላት፦ "ብርቄን ማን ይወዳታል? ጌታ።" ይችው ናት። በየቀኑ መዳፏ ላይ እየመታሁ እንድዘምርላት፣ ስትለምደው ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል ትቼ እንድጠብቃት አዘዙኝ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የት አውቄ! ቶሎ ብዬ ራሴ እሞላዋለሁ።

"ቱሪ" ይሉኛል፤ ቆዪ ማለታቸው ነው። "አንቺ ከሞላሽው እሷ ለምን ትድከም?"

ወራት አለፉ። መጀመሪያ ዓይኔን አየች። ቆይቶ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ግን የለም።

አንድ ማክሰኞ "ብርቄን ማን ይወዳታል" እንዳልን በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘነበች ነበሩ። ሁላችንም እንዝርታችን ላይ አቀረቀርን፤ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ልጄ ቀና ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ "ጌታ" አለች።

እልል ልበል ወይስ ልሸሽ? ስንት ጊዜ የለመንኩት ቃል መጣ፤ የመጣው ደግሞ እኛን ሊያሳስር።

"ማናት የተናገረችው?" አሉ እትዬ።

"ብርቄ ናት።"

"የኛዋ ብርቄ?"

"አዎን፣ እትዬ።"

ልጅቷ ፊት በርከክ ብለው አዩአት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እስቲ ድገሙላት" አሉ።

ጉልበታችን ላይ እየመታን ደገምንላት። ብርቄም መለሰች። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ወገኖቼ፣ ብርቄ ዛሬ አድጋለች። ከእኩዮቿ አልተስተካከለችም፤ ፊደል ከብዷታል፣ ንግግሯም ዝግ ያለ ነው። ግን ትጠራኛለች፣ ትስቃለች፣ ከኔ ቀድማ ትዘምራለች። ስሙ ይመስገን! ልጅ የዘገየባችሁ ካላችሁ አትደብቁት። በልጅነቱ አንሡት፣ ዝቅ ብላችሁ ዘምሩለት፣ ቃሉንም አትንጠቁት። ልባችሁ የዘገየባችሁም ብትኖሩ በጌታ ታመኑ፤ እኔን ሲጠብቅ ያልሰለቸ እናንተንም አይሰለችም።

እትዬ ዘነበች ለማንም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስንሄድ እትዬ ራሳቸው በአዴ ዲንቄ አጥር በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ስንዴ ሲለቅሙ አገኘናቸው። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ውስጥ ያሉት ፈተላ ላይ ናቸው ይሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እስኪከፈት ድረስ አንድም ማክሰኞ አልቀሩም።