አሪቻ የለካሁት ውሃ

«እንደግፋችኋለን» የሚለውን ቃል በብዛት የሰማሁት የዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ላይ ነው። ለኢንጂነሪንግ ሴቶች ማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ አማካሪ አለ፣ የፈጠራ ውድድር አለ ይሉናል። አልዋሽም፣ እኔም አምኜ አጨብጭቤያለሁ።

ሜካኒካል ነበር የማጠናው። አክስቴ ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ በምትባል መንደር፣ እሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ትሠራ ስለነበር ለፕሮጀክት ርዕስ አልተቸገርኩም። ዝናቡ ሲያቆም ምንጩ ይቀንሳል፤ ውሃው ሲያንስ የመፈልፈያው ማሽን ይቆማል። የዕለቱ እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ደግሞ ጣዕሙ ይበላሻል፤ አክስቴና ጓደኞቿ ተቀምጠው ውሃ ይጠብቃሉ። እኔ ያሰብኩት ማሽኑ የተጠቀመበትን ውሃ በጠጠርና በአሸዋ አጣርቶ በትንሽ ፓምፕ መልሶ የሚያመጣ ነገር ነው። ስድስት ቅዳሜ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ እየሄድኩ በባልዲና በስልኬ ሰዓት ውሃውን ለካሁ። ሠራተኞቹ «ይቺ ልጅ ውሃ ልትሸጥልን ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ፕሮጀክቱ የሚሠራው ሁለት ሁለት እየሆኑ ነበር። ከእኔ ጋር የተጣመረችው የዶርም ጓደኛዬ ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ተጫዋች፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ የሚፈስ። አሪቻ አንድ ጊዜ መጥታ በአክስቴ ቦቲ ጭቃው መሀል ፎቶ ተነሳችና ተመለሰች። ስሟን ግን ከስሜ ጎን ጻፍኩት። እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። አልጽፍም ማለት ሰውን ፊት መንሳት ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ እኔ ላይ ትንሽ ይበዛል።

አማካሪያችን ግን ማን እንደሠራው ያውቃል። ያኔ አንቱ እለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ራሱ አሪቻ መጥቶ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ የአክስቴን ቆጮ በጎመን በልቷል። ያን ቀን ነው የነገረኝ፤ አዲስ አበባ ለሦስት ወር የሚሰጥ ሥልጠና አለ፣ ወርክሾፕና መሣሪያ ስላለው በወረቀት የሳልነውን በብረት መሥራት ይቻላል፣ የሚሄደው ግን ከትምህርት ክፍሉ አንድ ተማሪ ብቻ ነው። «የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አለኝ። አክስቴም ሰምታ እጁን ይዛ መረቀችው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ውስጥ ሳይቀር ፓምፕ እገጥም ነበር።

ለሥልጠናው የሚሄደውን ለሚመርጡት ገምጋሚዎች ፕሮጀክቱ በእንግሊዝኛ የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ፈራሁ። አማርኛዬን እንኳ ስናገር የጌዴኦኛ ዜማ ይገባበታል፤ ክፍል ውስጥ ሳቅ ሰምቼበታለሁ። «አንቺ አቅርቢው» አልኳት ጓደኛዬን። ሦስት ቀን አስጠናኋት፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስያዝኳት። ሞኝነቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው አልከስስበትም።

አሳምራ አቀረበች። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ያቺ የቦቲ ፎቶዋ ነበረች። ጨርሳ ልትቀመጥ ስትል አንዱ ገምጋሚ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቃት።

«የእኔ ነው» አለች፤ ቀጥላም ወደ እኔ እያመለከተች፣ «እሷ መረጃ በመሰብሰብ አግዛኛለች።»

አማካሪያችንን አየሁት። ከገምጋሚዎቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን እያገላበጠ አንገቱን አቀረቀረ። እኔም ተነስቼ «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጓደኛዬን ማሳፈር ከበደኝ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል።

ለሥልጠናው ተመርጣ ስሟ ተለጠፈ። በማግስቱ አማካሪያችን ቢሮ ሄድኩ። ተቀመጪ እንኳ አላለኝም።

«መምህር፣ አሪቻ መጥተው አይተዋል እኮ» አልኩት።

«አይቻለሁ። ጎበዝ ነሽ፣ ማን ካደ? ግን እዚያ ተናግሮ የሚያሳምን ሰው ነው የሚፈለገው። እሷ ትምህርት ክፍሉን ታስጠራለች።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«አንቺ የዚሁ አገር ልጅ ነሽ» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ይመስል ፈገግ ብሎ። «አሪቻ የትም አይሄድብሽም።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ከእሷ ይልቅ እሱ አቃጠለኝ፤ ዛሬም ያቃጥለኛል። እሷ ፕሮጀክቱን ወሰደች፤ እሱ ግን የአክስቴን ምርቃት ተቀብሎ ነበር። ለአክስቴ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ሁለት ቅዳሜ አሪቻ ሳልሄድ ቀረሁ።

ጓደኛዬ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አቅፋኝ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅኳትም። አዲስ አበባ በገባች በሦስተኛው ሳምንት፣ ከምሳ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው።

«ማጣሪያው ተደፈነ፤ ውሃው አልመለስ አለ። ጠጠሩ ስንት ንብርብር ነው ነበር ያልሽው? ደግሞ ያ ፓምፕ ለምንድን ነው ከታች የሆነው? አሠልጣኞቹ እየጠየቁኝ ነው።»

«የጻፍኩልሽ ማስታወሻ አንቺ ጋ አይደል?»

«አነበብኩት፣ አልገባኝም። በናትሽ የኔ እህት፣ ሥራው ያንቺ እኮ ነው፤ ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም።»

መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከአፏ እንዲወጣ የፈለግኩት ቃል ይህ ነበር። «ማን አለ አጠገብሽ? ይህን ስትዪ የሰማሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«ማንም የለም» አለች፤ «ኮሪደር ወጥቼ ነው የደወልኩልሽ።»