ዝናብ ውስጥ የጨፈሩት ሲኞራ

ነገሩ የደረሰው አምና ነው፤ እዚሁ ሮም። ከዚያ ወዲህ የህንድ ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለጓደኞቼ ሳወራላቸው መሃሉ ላይ ይስቃሉ፤ መጨረሻው ላይ ግን የሚስቅ የለም። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ ሳይወጣ የከረመው።

እኔ ባዳንቴ ነኝ፤ አዛውንት እየጦርኩ እዚያው አዛውንቱ ቤት የማድር ሠራተኛ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም። አምና የተቀጠርኩት ሲኞራ ኒርማላ የሚባሉ ህንዳዊት ዘንድ ነበር። ሰባዎቹን ሊጨርሱ የተቃረቡ፣ ቀጭን፣ ኩሩ ሴት ናቸው። ጣሊያናዊ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም፤ ያለቻቸው ፓውላ የምትባል የእንጀራ ልጅ ብቻ ናት።

ፓውላ በቀጠረችኝ ቀን በር ላይ አቁማ አስጠነቀቀችኝ። አሮጊቷ የፊልም ተዋናይት ነበርኩ ይሉሻል፣ እንዳታምኚያቸው፣ በሽታ ነው አለችኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ብዬ ገባሁ። እኔ ጄኔራል ነበርኩ የሚል ስንት ሽማግሌ አጥቤአለሁ።

ሲኞራ ኒርማላ ግን እንደ በሽተኛ አይቀባጥሩም። ዛሬ ያሉትን ነገም ያንኑ ይሉታል። ልጅ ሳሉ እናታቸው ቦምቤይ ውስጥ ፊልም ወደሚቀረጽበት ግቢ ወሰዷቸው። መጀመሪያ ከዋናዋ ተዋናይት ኋላ ተሰልፈው ከሚጨፍሩት አንዷ ነበሩ። ቆይቶ አንድ ዘፈን ለብቻቸው ተሰጣቸው፤ የዝናብ ዘፈን። ዝናቡ የእሳት አደጋ መኪና የሚረጨው ውሃ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲረጭባቸው ውሎ ሳንባቸውን ታመሙ። ዘፈኑ ግን ተወደደ፤ በሚቀጥሉት ፊልሞች መናገር ጀመሩ። ልክ ስማቸው ሊነሳ ሲል የፊልም መሣሪያ ሊሸጥ የመጣ ጣሊያናዊ አገኛቸውና አግብቶ አመጣቸው። ሮም ሲደርሱ ሚስቴ ሰው ፊት አትጨፍርም አላቸው። ሥራቸው በዚሁ አበቃ። ፎቶዎቻቸውንም ጣለባቸው።

ይህን ሁሉ እየሰማሁ አላምንም፣ አልክድም ነበር። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር ግን አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። ዜማውን አውቀዋለሁ። ሳላስበው ተቀበልኳቸውና እስከ መጨረሻው አብሬያቸው ዘፈንኩ።

ሂንዲ ትችያለሽ ወይ አሉኝ። ኧረ አንድ ቃል አላውቅም። በእኔ ዕድሜ ያለን የአዲስ አበባ ልጆች የህንድ ዘፈን ምን እንደሚል ሳናውቅ በቃላችን ይዘን ነው ያደግነው። ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚተረጉምልን ሰውም ነበረን። የህንድ አስተማሪዎች ቤት ዘበኛ ስለነበር ቋንቋቸውን ጠጥቶታል ይባል ነበር። እሱ አልቅሱ ሲለን እናለቅሳለን። አንዱ ፊልም ላይ ዝናብ ውስጥ የምትጨፍር ሴት አለች፤ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች አንገቷንና ቅንድቧን ለመምሰል ክረምቱን ሙሉ ስንለማመድ ነው የከረምነው።

መስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። አንገታቸውን ሰበቅ አድርገው አንድ ቅንድባቸውን አነሱልኝ። ራሷ ናት። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። በዚህ ከተማ ያመነቻቸው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የፊልሙን የሂንዲ ርእስ ለማግኘት ሞከርን። እሳቸው ረስተውታል። በስልኬም ፈለግሁ፤ የህንድ ፊልም ተፈልጎ ያልቃል እንዴ? አጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ ፓውላ ሐኪም እንደምታመጣ ተናገረች። ነገሩ ቤቱ ነው። ባላቸው ሲሞት ሲኞራ ኒርማላ በሕይወት እስካሉ ድረስ ማንም ከቤቱ እንዳያስወጣቸው ተናዞ ነበር። አእምሯቸው ተነክቷል ከተባለ ግን ፓውላ ሞግዚት ትሆናለች፤ እሳቸውን አረጋውያን ማቆያ አስገብታ ቤቱን ማከራየት ትችላለች። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት ጥሩውን ሳሪ አልብሺኝ አሉኝ። ሳለብሳቸው እጄን ያዙና "ጽጌ፣ አንቺ አይተሽኛል፤ አንቺ ንገሪልኝ" አሉኝ።

ሐኪሙ ወጣት፣ ለስላሳ ሰው ነው። ሥራዎ ምን ነበር አላቸው። ተዋናይት አሉና የዝናቡን ዘፈን ነገሩት። ዘፈኑን የዘፈኑት እርስዎ ነዎት ሲላቸው፣ አይ፣ ድምፁ የሌላ ሴት ነው፣ እኔ አፌን ነው የማንቀሳቅሰው አሉ። ዝናቡስ? ዝናብማ አልነበረም፣ የእሳት አደጋ መኪና ነው። በማን ስም ነበር የሚሠሩት? ሁለት ጊዜ ቀይረውብኛል። ቃል በቃል እውነት ነው፤ የህንድ ፊልም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ሐኪሙ ግን መልስ በሰጡ ቁጥር ፓውላን ዞር ብሎ ያያታል።

በመጨረሻ እኔን ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። የፊልሙ ርእስ ምንድን ነው አለኝ። የአማት መርዝ አልኩት፤ ተርጓሚያችን ያለን እንደዚያ ነው። ታሪኩን ጠየቀኝ። ሴትዮዋ ዝናብ ውስጥ ስትጨፍር አማቷ አይታ ትቀናለች፣ በወተት መርዝ ታጠጣታለች፣ ባሏ እቅፍ ውስጥ ትሞታለች ብዬ ከነለቅሶው ተረክሁለት።

ሲኞራ ኒርማላ ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

"ጽጌ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም" አሉ። "ፊልሙ ላይ ባልም የለኝም፣ አማትም የለችኝም። የነበረኝ አንድ ዘፈን ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ዘበኛ ከእኛ የተሻለ ሂንዲ አያውቅም ነበር። የልጅነት እንባችንን ሁሉ ያስፈሰሰን ከጭንቅላቱ እየፈጠረ ነው። ይህንን ለአንድ የሮም ሐኪም እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ሞከርኩ። ቪዲዮ ቤቱን፣ ተርጓሚውን፣ የህንድ አስተማሪዎቹን ስደረድርለት ጣሊያንኛዬ ተምታታ፤ ሲምታታ ደግሞ እኔው ራሴ እብድ መሰልኩ።

ፓውላ በአፍንጫዋ ሳቀች። "እንግዲህ ዶቶሬ፣ አሁን ሁለት ሆነውልዎታል" አለች። ሐኪሙም ፈገግ አለ። ሲኞራ ኒርማላ የሳሪያቸውን ጫፍ ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ቀሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከከተማው ዳር ወዳለ ማቆያ ወሰዷቸው። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንዲት ጓደኛዬ ዘንድ ተጠጋሁ። ሌላ ሥራ እስካገኝ ሶፋዋ ላይ ነው ያደርኩት።

የእኛ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሁላችንም ተርሚኒ አጠገብ ያሉት ሐበሻ ምግብ ቤቶች እንፈስሳለን። አንድ ሐሙስ እንደልማዳችን ተሰብስበን ሳለ የቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ የህንድ ዘፈኖች ከፈተችልን። አንዱ ሲያልቅ አንዱ ይቀጥላል። እየሳቅን አብረን ስንዘፍን ዝናቡ መጣ። ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ተነሳሁ። እሳቸው ናቸው፤ ያ አንገት፣ ያ ቅንድብ። ከሥር የፊልሙ ርእስ ተጽፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ቢሆንም ስልኬ ላይ አስጫንኩት።

በማግስቱ ፓውላን ፍለጋ ሄድኩ። ቤቱን ቀለም ስታስቀባ አገኘኋት። ስልኩን ሰጠኋት። ትደነግጣለች፣ ታፍራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

"አውቀዋለሁ" አለችኝ። "አባቴ ገና እሷን ሳያመጣት ማታ ማታ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያሳየን ነበር። እኔ አጨበጭባለሁ፤ እናቴ ወጥ ቤት ሆና ታለቅሳለች።"

ታዲያ እውነት መሆኑን እያወቁ ለምን በሽታ ነው አሉ አልኳት።

"እናቴ ያ ሰው ሌላ ሴት አለችው ስትል ቀንታ አብዳለች ነው የተባለችው" አለች። "እሷም እውነቷን ነበር። አሁን ተራው የዚችኛዋ ነው።" ስልኬን መልሳልኝ ቀለም ቀቢውን ወደ ማዘዝ ተመለሰች።

ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። ቪዲዮውን አይቶ ፊቱ ቀላ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወይ ሞግዚቷ ትጠይቅ፣ ወይ ራሳቸው ሲኞራ ኒርማላ በማቆያው ኃላፊ ፊት በአፋቸው ይጠይቁ አለኝ። ሞግዚቷ ፓውላ ናት። የቀረው የእሳቸው አፍ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየተጣደፍኩ ወደ ማቆያው ሄድኩ።

ፀጉራቸውን አሳጥረው ቆርጠውታል። ያለበሷቸው የሰው ቱታ ነው። ሲያዩኝ ፈገግ አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። ኃላፊዋን ጠርቼ አጠገባችን አስቆምኳት፤ ስልኩን ከፈትኩ። ዝናቡ ወረደ፣ ዳንሱ ተጀመረ። ሲኞራ ኒርማላ ትኩር ብለው አዩት። በብርድ ልብሱ ሥር እግራቸው ምቱን ሲመታ ይታየኛል።

"ሲኞራ፣ ይህቺ ማን ናት? ለኃላፊዋ ይንገሯት" አልኳቸው።

"አላውቃትም" አሉ። "እኔ ተዋናይት ሆኜ አላውቅም።"

ኃላፊዋ ደስ አላት። ብራቫ፣ ጎበዝ ብላ እንደ ሕፃን ራሳቸውን ዳበሰችና ሲመጡ እኮ እንዲህ አልነበሩም፣ በጣም ተሽሏቸዋል ብላኝ ወጣች።

ሲኞራ ኒርማላ በሩን አየት አድርገው እጄን ጨብጠው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"ዝጊው ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "እኔ ነኝ ባልኩ ቁጥር ያን የሚያስተኛ ጠብታ ይሰጡኛል። ስነቃ ሌላ ቀን ነው። አይደለሁም ማለትን ስንት ጊዜ ተኝቼ ነው የተማርኩት፤ አሁን አታበላሺብኝ።"

የቻልኩትን ለምኛቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉት፣ ያወጡዎታል አልኳቸው። ከዚያ ቢያስተኙኝስ አሉኝ። አያስተኙዎትም ብዬ ልምልላቸው አልቻልኩም። ስልኬን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሁንም እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ አየሩ፣ ስለ ሾርባው እናወራለን። ስለ ፊልም አንስተን አናውቅም። ከዚያ ስወጣ ግን አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ የሚያየኝ ሰው እሷንም ማቆያ ያስገቧት ሳይል አይቀርም።

ለንስሐ አባቴ ቂም እንደያዝኩ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ለሁለቱም ሴቶች ጸልዪላቸው አሉኝ። ለሲኞራ ኒርማላ በየቀኑ እጸልያለሁ። ለፓውላ ግን አፌን እከፍትና የሚመጣልኝ እርግማን ነው፤ ስለዚህ ገና አልጀመርኩም።