አረንጓዴ ክር ከወልደአማኑኤል ኮሌታ ሥር

እኔ መሰለች እባላለሁ። ቡታጅራ፣ ከገበያው በታች ባለው የቆርቆሮ በረንዳ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ተማሪ ቤት ከገቡ በኋላ በነሱ ደብተር ነው። መርፌ ይዤ የማልፈራውን እስክሪብቶ ስይዝ እፈራለሁ። ብሳሳት እንግዲህ አንባቢ ይለፈኝ። ስለ ትልልቅ ሰው የሚጽፍ አይጠፋም፤ ከድሮ ስለሚባለው ሰው ግን እኔ ዝም ካልኩ ማን ይጽፋል ብዬ ነው።

ከድሮ ልብስ ሰፊ ነው። የመስቃን ገበሬ ልጅ ነው። ስፌት የለመደው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ የአንድ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ነው። ለሰው ስድስት ዓመት ሰፍቶ አንዲት ያገለገለች የስፌት መኪና ገዛና አገሩ ተመለሰ። መንገዱ ያኔ ጭቃ ስለነበር የጭነት መኪናው ከግማሽ በላይ አልሄደም። የቀረውን እንዴት እንደመጣ ሲጠየቅ «እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ» ይላል። የስፌት መኪናዋ አንድ እግር ተሰብሮ በእንጨት ተተክቷል፤ እስካሁን በዚያው ትሠራለች።

በረንዳው ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ከድሮ፣ በሌላው ወልደአማኑኤል የሚባል ሰፊ አለ። እኔ መሐል ተቀምጬ ሁለቱም የሰፉትን እጨርሳለሁ። ሥራቸው የሚበዛበት ጊዜ ይለያያል። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ክርስቲያን ሁሉ አገሩ ስለሚገባ የወልደአማኑኤል ጨርቅ ወንበር ላይ ይከመራል። አረፋ ሲደርስ ደግሞ እስላሙ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከድሮ ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው። አንዱ ሲጣደፍ ሌላው ዝንብ ያባርራል። ይህን ዓመት ዓመት እያየን አንዱ ሌላውን ሊያግዝ ይችላል ብለን አንዳችንም አላሰብንም። እንዲያውም እነሱ ይጎሻሸሙ ነበር።

«ወልዴ፣ ያ የሰፋኸው ሱሪ ሰውየው ቁጢጥ ሲል ተተረተረ አሉ» ይላል ከድሮ።

«የኔስ ቁጢጥ እስኪባል ይጠብቃል። ያንተ ገና ሳይለበስ ነው» ይላል ያኛው።

አንድ ልማድ አለን። ልብሱ ሲያልቅ ከኮሌታው ሥር፣ ሱሪ ከሆነ ከመታጠቂያው ውስጥ፣ ሦስት ጥልፍ ይጣልበታል። የከድሮ አረንጓዴ ነው፣ የወልደአማኑኤል ቀይ። ልብሱ ቢተረተር ባለቤቱ ይዞት ይመጣል፣ ክሩ ይታያል፣ የሰፋው ሰው በነፃ ይጠግናል። ጥልፉን የምጥለው እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ የማፍርበት እሱ ነው።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ወልደአማኑኤል ለበዓሉ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው አመለጠው። የግራ አውራ ጣቱን መታው። ጣቱ አልተቆረጠም፤ ግን እጁ እስከ አንጓው ተጠቅልሎ መጣ። ከኋላው አርባ ልብስ ተከምሯል፤ ከአርባው የተሰፋ ስድስት ነው። በኛ አገር ለመስቀል አዲስ ልብስ ያላደረሰ ሰፊ በከርሞው ጨርቅ የሚሰጠው የለም። ወልደአማኑኤልም ያውቀዋል፤ ተቀምጦ ክምሩን ያያል።

ወዲያው ሁለት ሴቶች ወደ ከድሮ መጡ።

«ከድሮ፣ ወልዴ እጁን መታ አሉ። ጨርቃችንን እናውጣና አንተ ትሰፋልን?»

እውነቱን ልናገር፣ ከድሮ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ሥራ አልነበረውማ። እሱ ግን ከመኪናው ቀና አላለም።

«ጨርቁ እሱ ጋ ነው?»

«አዎ።»

«ልካችሁንስ ወስዷል?»

«ወስዷል።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ምን አመጣችሁ? በቀጠሯችሁ ቀን ኑ፣ ልብሳችሁን ከሱ ውሰዱ።»

ሴቶቹ ሲሄዱ በርጩማውን አንሥቶ በፊቴ አለፈና ከወልደአማኑኤል አጠገብ ተቀመጠ።

«መጣህ? ልትወስድ?» አለው ወልደአማኑኤል።

«ምኑን?»

«ደንበኛውን ነዋ!»

«ብወስደውስ የት አደርሰዋለሁ? ስማ ወልዴ። ሰው ወደዚህ በረንዳ የሚመጣው ሁለት ሰፊ ስላለ ነው። እዚህ ባይሆንልኝ እዚያ ይሆንልኛል ብሎ ነው። ያንተ ጫፍ ከተዘጋ እኔ ዘንድሮ እጠግብ ይሆናል። ለከርሞ ግን ሰዉ ሁሉ መርካቶ የተሰፋ ገዝቶ ይመጣና ሁለታችንም ዝንብ እናባርራለን። አንተ ቀኝ እጅህ ደህና ነው፣ ቁረጥ። እኔ ልስፋ። ስሙ ያንተ ነው።»

«ምን ፈልገህ?»

«አረፋን ፈልጌ።»

ወልደአማኑኤል ዞሮ ክምሩን አየ። ቆይቶ «ኮሌታ ስትሰፋ ትጎትታለህ» አለው።

«አንተም ብብት ታጠባለህ። በል ጠመኔውን አንሣ።»

ውላቸው ይህ ነበር፤ ሽማግሌ አልገባበትም።

ዘጠኙን ቀን እንዴት እንደሠራን ብጽፈው አያልቅም። ወልደአማኑኤል ጨርቁን በክርኑ ተጭኖ በቀኙ ይቆርጣል። ከድሮ በራሱ መኪና ይሰፋል፤ ሲግልበት ተነሥቶ በወልደአማኑኤል መኪና ይሰፋል። እኔ ከከድሮ እጅ እየተቀበልኩ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጥልፌን እጥላለሁ። በደመራው ዕለት አርባኛው ልብስ ወጣ። ወልደአማኑኤል ባዶውን ወንበር አየና ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን አቶ ዱባለ መጡ። አዲስ አበባ ሱቅ ያላቸው፣ ልብስ ላይ ጥንቁቅ የሆኑ ሰው ናቸው። ኮታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ኮሌታው ተገልብጧል።

«ወልደአማኑኤል! ልብሴን ለማን አሳልፈህ ሰጠኸው?»

ከኮሌታው ሥር ሦስት ጥልፍ አለ። አረንጓዴ ነው።

«የኔም እንደዚያው ነው» አለ ከኋላቸው የቆመ ሰው። ሌላውም ሱሪውን ገልበጥ አድርጎ አየና «የኔም!» አለ።

ወልደአማኑኤል ፊቱ ጠቆረ። ወደ ከድሮ ዞረ።

«ስሙ ያንተ ነው አላልከኝም? ሠላሳ አራት ልብስ ላይ የራስህን ጻፍክ?»

ከድሮ ኮሌታውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ወዲያው እንደገባው ዐውቄያለሁ።  አንዲት ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር፤ አልተናገረም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ።

እኔ በሰው መሐል የምናገር ሴት አይደለሁም። ዕድር ላይ እንኳ ተራዬ ሲደርስ ለጎረቤቴ ነው የማሳልፈው። ያን ቀን ግን ከድሮ በኔ ጥፋት ሲሰደብ ማየት አልቻልኩም። ተነሣሁ፣ ጭኔ ላይ ያለው ቁልፍ ሁሉ ተበተነ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘጠኝ ቀን ከከድሮ እጅ ስቀበል እጄ የከድሮ ሥራ መሰለው። አረንጓዴውን ከመርፌዬ ሳላወጣ ቀረሁ። እሱ አላየም። እኔ ነኝ።»

 ቁልፎቹ በበረንዳው ደረጃ ይንከባለላሉ።

«መልካም» አሉ አቶ ዱባለ፤ «እንግዲህ ይሄ ኮት ቢተረተር የሚጠግንልኝ ማነው?»

«ክሩ የኔ ነው፣ እኔ እጠግናለሁ» አለ ከድሮ።

ወልደአማኑኤል የተጠቀለለ እጁን ሲያገላብጥ ቆየና «ልክ የወሰድኩትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። የሚጠግነው እኔ ነኝ» አለ።

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!»

«ደንበኛው የማን ነው?»

«ኧረ ተዉ፣ ገና አልተተረተረም!» ብለው አቶ ዱባለ ሳቁ። ኮታቸውን መልሰው ለበሱና ትከሻቸውን ወዘወዙት። «ለልጄ ሠርግ ስምንት ልብስ አመጣለሁ። ታዲያ ሁለታችሁም ካልነካችሁት አልቀበልም።»

ወልደአማኑኤል ያን ቀን ለከድሮ ይቅርታ አላለም። ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ቁልፌን ይለቅምልኝ ጀመር፤ ከድሮም መጥቶ አብሮት ለቀመ።

መጋቢት ላይ አረፋ ደረሰ። ወልደአማኑኤል ማንም ሳይጠራው በርጩማውን ተሸክሞ ወደ ከድሮ ጫፍ መጣ። ሊቀመጥ ሲል ዞር ብሎ፣

«መሰሉ፣ ዛሬስ ክሩን አይተሽ!» አለኝ።

አይቼው ነበር። ቀዩንና አረንጓዴውን አንድ ላይ ገምጄ መርፌዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከበረንዳችን የሚወጣ ልብስ ሁሉ ጥልፉ ሁለት ቀለም ነው።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። ዛሬ በረንዳው ላይ አራት የስፌት መኪና አለ። አዲስ ሰፊ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ሌላው ያጉረመርማል፤ ከድሮ ግን «ጥላው ይበቃል» ብሎ በርጩማውን ጠጋ ያደርጋል። ኡሚ የምትባል ሴት የከሰል ካውያ ይዛ ገብታለች፤ ለሁላችንም ትተኩሳለች። ከጉንችሬና ከወልቂጤ ድረስ ጨርቅ ይመጣልናል። በኛ መኩራት ያምርብኛል አያምርብኝም አላውቅም፤ ግን እኮራለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ የወልቂጤ ሰው እጅጌው የተተረተረ አሮጌ ኮት ይዞ መጣ። ከድሮ ኮሌታውን ገለበጠ። የተገመደው ክር አለ።

«የኔ እጅ ነው» አለ።

«ስጠኝ እስቲ» አለ ወልደአማኑኤል ከወዲያ ጫፍ እየመጣ። «ኮሌታው መች ተጎተተ? የኔ ነው።»

«ብብቱን እየው፣ ሰፊ ነው። የኔ ነው!»

ሰውየው ግራ ገብቶት አንዴ ይህን አንዴ ያንን ያያል። እኔ ኮቱን ቀስ ብዬ ከመሐላቸው ሳብኩት። ክርክሩ ሳያልቅ ጠግኜ ሰጠሁት።