ሰይድ የጠበቀው ኮምፒዩተር

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ስጠብቅ፣ ሁለት ጎረምሶች በኮምፒዩተር ፍጥነት ሊደባደቡ ደረሱ። አንዱ የእኔ ጊጋኸርዝ ይበልጣል ይላል፤ ሌላው ጊጋኸርዝ ብቻውን ምን ይሠራል እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ በመጨረሻ «ቆይ አዲሱ ይውጣ» ተባብለው ተሳሳቁ። ከማሽኖቹ ጀርባ የሚወጣው ትኩስ አየር፣ የሞቀ ፕላስቲክና የተጠበሰ አቧራ እየሸተተ ፊቴን መታኝ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ወረፋዬን ጥዬ ወጣሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልበረደልኝ ንዴት ሽታው እንደዚያ ነው።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከወንዙ ማዶ፣ ማንጎ ዛፎች መካከል፣ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ቢሮ ነበር። በሮቢት የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ወደዚያ የመጣው ሰው በጥላ ውስጥ እንኳ በሚቀቀልበት በግንቦት ሙቀት፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለት፣ በላንድሮቨር የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፤ የፕሮጀክቱ ሾፌር ራሱ እንዲህ ተከብሮ ተጉዞ አያውቅም። ሲሚንቶ ወለል ያላት ክፍል ለእሱ ተለቀቀች፤ ቀይ መጋረጃ ተሰቀለላት፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ እንደ መስጊድ ጫማውን በር ላይ ያወልቅ ጀመር። ኦፕሬተሩ ዓለሙ የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር፤ ቆላው አልስማማው ብሎ ቀኑን ሙሉ አንገቱን በእርጥብ ፎጣ ይጠርጋል።

ማሽኑ አዝጋሚ ነበር። የስንት ሄክታር ሽንኩርት፣ የስንት ሄክታር ትምባሆ እቅድ ይደምር ሲባል ፊቱን አጥቁሮ ዝም ይላል፤ እኛም በመስኮት አንገታችንን አስግገን እንጠብቃለን። የዓለሙ ማብራሪያ አንድ ነበር፤ ያዘገየው ሙቀቱ ነው። «የደጋ በሬ ቆላ ወርዶ ሲያርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደብረ ብርሃን ውሰዱትና እዩት፣ ይበራል!» ይላል። ከብቱም ሰዉም ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት አገር ይህን የማያምን አልነበረም። እናም ኮምፒዩተሩ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠፍቶ እንዲያርፍ ተወሰነ፤ የመጠጥ ውሃ እንደምናቀዘቅዘውም እርጥብ ጆንያ መስኮቱ ላይ ተሰቀለለት፤ ዘበኛው ከወንዝ በባልዲ እያመላለሰ ጆንያውን ሲያርስ ይውላል። እኔ ያን ጊዜ ግጥም የሚያክለፈልፈኝ፣ አስተማሪ የሌለኝ ገጣሚ ነበርኩና እንዲህ ብዬ የቢሮው ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፍኩ፦

ከደጋ የመጣው ቆላ የወረደ፣
አንድና አንድ ሲደምር ቀኑ መሽቶ ሄደ።

በሙቀቱ ያላመነ አንድ ሰው ጓደኛዬ ሰይድ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ረጅም፣ ተከራካሪ፣ ሲናደድ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ጥሎት የሄደ የኮምፒዩተር መጽሔት እጁ ገብቶ እስኪበጣጠስ አንብቦታል። ከዐስር ሶላት በኋላ እነሱ ቤት መደቡ ላይ ጫት ይዘን ስንቀመጥ ክርክሩ ይጀመራል።

«ፍጥነቱን የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ነው። ይሄ ስምንት ሜጋኸርዝ ነው፣ በቃ! በረዶ ውስጥ ብትቀብረውም ስምንት ነው» ይላል ሰይድ።

«ታዲያ ፍጥነት መጨመሪያዋ፣ ቱርቦ የምትለዋ ቁልፍስ ለምን ተሠራች?» ይላል ዓለሙ።

«እሷን ሳትጫን አይደል እንዴ የከረምከው! ወላሂ፣ ሙቀት የያዘው አንተን ነው እንጂ ማሽኑን አይደለም።»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የሰይድ እናት እትዬ ዘሃራ ከጓዳ ሆነው «እናንተ ልጆች፣ ይሄ ሜጋ የምትሉት ነገር ይበላል?» ይሉናል።

ይህን ጨዋታ ወደ መርዝ የለወጠው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ወሬ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ሰማንያ ስድስት የሚባለው ፈጣን ማሽን ተፈቅዶልናል አለ፤ ቀጥሎ እሱ ቀርቶ ከእሱም የሚፈጥነው ሦስት ሰማንያ ስድስት ሆኗል አለ። ወሬው እንደ መንገደኛ በየከተማው እያደረ ወደ እኛ ወረደ፤ አሰብ ወደብ ተራግፏል ተባለ፤ ኮምቦልቻ ደርሷል ተባለ፤ አንድ የጭነት መኪና ረዳት ካራቆሬ ላይ ካርቶኑን በዓይኔ አየሁ ብሎ ማለ። እኛም ሃያ አምስት ሜጋኸርዝ ነው፣ የለም ሠላሳ ሦስት ነው እያልን ገና ባላየነው ማሽን ተኳረፍን። ጋሽ ተፈራ ደግሞ ሰይድን ለብቻው ጠርቶ፣ አዲሱ ሲመጣ ሁለተኛ ኦፕሬተር አንተ ነህ፣ እስከዚያው እጅህን አፍታታ አለው። ሰይድ በየማለዳው፣ ዓለሙ ሳይነሳ፣ የጋሽ ተፈራን የእቅድ ሪፖርት በነጻ ሲተይብለት ከረመ።

ያ ዘመን አፈሳ የበዛበት ነበር። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ተጥሎበት ጎረምሳ ከገበያም ከአልጋም ይለቅማል። ከአሊዩ አምባ ግመል እየጫነ ወደ አፋር የሚወርደው የሰይድ አጎት ሦስቴ ላከበት፤ ከእኔ ጋር በርሃ ግባ፣ ሲያልፍ ትመለሳለህ እያለ። እትዬ ዘሃራ ስንቁን ቋጥረው ለመኑት። ሰይድ ግን ጋሽ ተፈራን ጠየቀ፤ ጋሽ ተፈራም «የፕሮጀክት ሠራተኛ አይነካም። ከሄድክ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» አለው። ሰይድ ቀረ። ስንቁን እኛ በላነው።

በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እነ ሰይድ ቤት በሠላሳ ሦስት ሜጋኸርዝ እየተጯጯህን ሳለ፣ አብዮት ጠባቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። እኔን የተማሪ መታወቂያዬ፣ ዓለሙን የደመወዝተኛ ወረቀቱ አዳነን። ሰይድ አልደነገጠም። «የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ኃላፊውን ጠይቁ» አለ። እነሱም ጠየቁ፤ እየነዱ ቢሮው ድረስ ወሰዱት፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ሮጥኩ። ጋሽ ተፈራ በረንዳው ላይ ወጣ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰይድን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«እዚህ ሲመላለስ አየዋለሁ። ሠራተኛችን ግን አይደለም» አለ።

ሰይድ መናገር ፈለገ፤ አፉ ተያዘበት። ያ ሁሉ ክርክር የሚያውቅ ምላስ አንዲት ቃል መውለድ አቃተው። በዱላ ጫፍ ገፉት፤ ሄደ። ጋሽ ተፈራም ወደ ውስጥ ተመለሰ፤ በዚያን ቀን ማለዳ ሰይድ የተየበለት ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አገልድመው ቢሮ ሄዱ። «አንቱ አይደሉ ልጄን ጠብቅ ያሉት?» አሉት። ጋሽ ተፈራ ስለ እናት አገር ጥሪ ማውራት ጀመረ። ሴትዮዋ አልሰሙትም፤ ዓይናቸው እየተንጠባጠበ ባለው ጆንያ ላይ ነበር።

«ለዚህ ዕቃ በቀትር ውሃ ታስቀዳላችሁ። ለእኔ ልጅ አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፤ እሷን ነፈጋችሁት። አላህ ይየው» ብለው ወጡ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መኪና መጣና ትልቅ ካርቶን አወረደ። ከተማው ተሰብስቦ ተከፈተ። ኮምፒዩተር አልነበረም፤ አየር ማቀዝቀዣ ነበር፤ ማሽኑ በሙቀት ተቸገረ ተብሎ በሰይድ እጅ በተተየበው ሪፖርት የተጠየቀ። የተተከለው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ክፍል አይደለም፣ ጋሽ ተፈራ ቢሮ ነው። ሦስት ሰማንያ ስድስት የሚባል ነገር እስከ ዛሬ በዚያ በር አልገባም። ጋሽ ተፈራ ሹመት አግኝቶ ተዛወረ። እርግማን በግጥም ብጽፍበት ብዬ ስንቴ ተነሳሁ፤ ቤት የሚመታ ቁጣ አጣሁ።

ሰዎች ያ ጊዜ አለፈ ይሉኛል። የዛሬው ስልክ ያንን ማሽን ሺህ ጊዜ ያስንቃል ይሉኛል። እኔ ምን ቸገረኝ! የቀረብኝ አንድ ሰው ነው፤ ዛሬ መላጣ ሆኖ፣ መነጽር አድርጎ፣ እየተንተባተበ ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው። ከእሱ ወዲህ ተከራክሬ ስረታ አልጣመኝም፤ ስሸነፍም የምወደው አሸናፊ አላገኘሁም።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር ከሰሜን በአስፋልቱ ወረደ፤ ባዶ እግሩን፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ቀንና ሌሊት። እትዬ ዘሃራ መንገዱ ዳር እንስራ ውሃ አቁመው እያንዳንዱን እያጠጡ ፊቱን ያዩ ነበር፤ እኔ ከወንዝ እየቀዳሁ እንስራውን እሞላላቸዋለሁ። «ሰይድን አታውቁትም? ረጅም ነው፣ ሲናደድ ይንተባተባል» ይላሉ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ልጅ እግር ወታደር ብቻ ጣሳውን ጨርሶ እንስራውን አየና፣ «አውቀዋለሁ እማማ፤ ከኋላ አለ» አለ። ሁለተኛ ቀዱለት። እንደዋሸ እኔም አውቄያለሁ፤ እሳቸውም ሳያውቁ አልቀሩም።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ጭር አለ። «እትዬ ዘሃራ፣ እንግባ» አልኳቸው።

«አንተ ግባ ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከካራቆሬ መንገድ ሳያነሱ። «ውሃው ገና አላለቀም።»